ካሜራውን ከመግዛትሽ በፊት ሶፋውን ለኪው

«ጋሼ፣ ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ ነው የምጽፍልዎ። ታላቅ እህቴ ሚኒሶታ ናት፣ ታናሽ ወንድሜ ዱባይ። እሁድ እሁድ ቡና ተፈልቶ ከእማዬ ጋር በቪዲዮ እናገናኛቸዋለን። እስካሁን በስልክ ነው። ስንቀባበል ግማሹ ሰዓት ያልቃል፤ እማዬ ስትይዘው ደግሞ የሚታየው ጣሪያው ነው። አሁን ዴስክቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር ገጥመን ሳሎን ቁጭ ብለን ልናወራ አሰብን። ዌብካም ፍለጋ ፒያሳ ወጣሁ። አንዱ 4ኬ ውሰጂ አለኝ፣ አንዱ 1080፣ አንዱ ‹ለቤተሰብ ወሬ 720 መች አነሰሽ› አለኝ። ብሬ ብዙ አይደለም። የቱን ልግዛ?»

ሦስቱም ባለሱቆች ስለ ካሜራው ነግረውሻል። ሶፋሽ የት ጋ እንዳለ የጠየቀሽ ግን የለም። እኔ ከዚያ ነው የምጀምረው።

ቸኩለሽ ከሆነ መልሱ ይኸው። 720፣ 1080፣ 4ኬ የሚሉት ምስሉ ስንት ነጥብ (ፒክስል) እንዳለው ነው የሚናገሩት። 4ኬ የተባለውን ተይው። ከ720 እና ከ1080 የትኛውም ይሆንሻል፤ ዋጋቸው ከተቀራረበ 1080ውን ውሰጂ። ካርቶኑን ስታነሺ ግን መጀመሪያ የምታዪው የፒክስሉን ቁጥር ሳይሆን የዲግሪውን ነው። ከሚተርፍሽ ብር አብዛኛውን ለማይክ፣ ትንሽ ለአምፖል አድርጊው። ካልቸኮልሽ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ዲግሪው ሌንሱ ምን ያህል ሰፋ አድርጎ እንደሚያይ ነው የሚናገረው። ካርቶን ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ማዕዘን በሰያፍ የተለካው ስለሆነ ወደ ጎን የምታገኚው ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ሒሳቡ አያስፈራም። ካሜራው ባለ 60 ዲግሪ ከሆነ ርቀቱና የሚታየው ስፋት እኩል ናቸው፤ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ሜትር ስፋት ታገኛለሽ። ባለ 78 ከሆነ ርቀቱን በ1.4 አባዢው። ባለ 90 ከሆነ በ1.7። ባለ 55 ከሆነ በ0.9።

አሁን ሜትር ያዢና ከቴሌቪዥኑ እስከ ሶፋው መደገፊያ ለኪ። ሁለት ሜትር ተኩል ነው እንበል። ባለ 55ቱ ካሜራ ሁለት ሜትር ከሩብ ያህል ያሳያል። ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ አንድ ሶፋ ብቻ ካለሽ ጠበብ ብሎም ይበቃል። ኤል ሼፕ ከሆነ ግን አልቆልሻል፤ የጎኑ ክንድ ላይ የተቀመጠው አጎት ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ባለ 78ቱ በዚያው ርቀት ሦስት ሜትር ተኩል ይይዛል። አጎትም ገቡ፣ ረከቦቱም ገባ።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ሰፊውን አይገዛም? ስፋት ዋጋ ስላለው ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ የእናትሽ ፊት ነው።

እስቲ እንቁጠረው። የ720 ምስል ወደ ጎን 1280 ነጥቦች አሉት። እነዚያን ነጥቦች በሦስት ሜትር ተኩል ላይ ስትበትኛቸው ለአንድ ሜትር 365 ገደማ ይደርሳል። የሰው ፊት ስፋት 16 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱ የሚያገኘው 58 ነጥብ ነው። ኔትወርኩ ደክሞ አፑ ምስሉን በግማሽ ሲያሳንሰው 29 ትሆናለች። በ29 ነጥብ እናትሽ መሆናቸው ይታወቃል፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ግን አይታወቅም። ልጃቸው ደግሞ ማየት የምትፈልገው እሱን ነው።

መፍትሔው ውድ ካሜራ አይደለም። በርጩማ ነው። እናትሽን ከካሜራው አንድ ሜትር ገደማ ላይ አስቀምጫቸው። እዚያ ላይ የዚያው ካሜራ ስፋት አንድ ሜትር ከአርባ ነው፤ ፊታቸው ወደ 145 ነጥብ ያድጋል። ሌላው ቤተሰብ ከኋላ ሶፋው ላይ ይቀመጥ። ፎቶ ቤት ስንሄድ ድሮ እንዲሁ አልነበር? ትልቅ ሰው ከፊት ወንበር ላይ፣ ልጆች ከኋላ ቆመው። ያ ፎቶ አንሺ ሌንሱን ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ወደ 4ኬው። እዚህ ላይ ትንሽ ሆዴን ይብሰኛል፤ እኔም ተበልቼበታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ አስመጪ 4ኬ የሚል የተለጠፈባቸው አምስት ካሜራዎች ወሰድኩ። ሁለቱን ሸጬ ሁለቱም ተመለሱ። ሦስቱ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ አሉ። ልጄ በአንዱ ትጫወትበታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እውነተኛ 4ኬ ምስል ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። 1080 ሁለት ሚሊዮን ያህል፣ 720 ደግሞ አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። በርካሽ ካሜራ ውስጥ ያለው ሴንሰር፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ወገን ነው። ካሜራው ያንን ትንሽ ምስል ይወስድና በመሃል ነጥብ እየጨመረ ይለጥጠዋል። አንድ ስኒ ቡና ላይ ውሃ ጨምረሽ ሦስት ስኒ እንደማድረግ ነው። ስኒው ሦስት ሆነ፤ ቡናው ግን ያው ነው። «12 ሜጋፒክስል» የሚለው ተለጣፊም ከዚሁ ሰፈር ነው።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ትለያለሽ? ባለሱቁን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። አላሳይም ካለ ውጪ። ካሳየሽ የዊንዶውስ ካሜራ የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱና ሴቲንጉ ውስጥ የቪዲዮ ጥራት የሚለውን እዩ። ዝርዝሩ ላይ 4ኬ ቢኖርም ገና አትመኚው፤ የተለጠጠውም እዚያ ይጻፋል። የመድኃኒት ካርቶን ወይም ጋዜጣ ከሌንሱ ሰባ ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያዢ። መጀመሪያ 720 ላይ አድርጊና ትንንሹን ጽሑፍ እዪ። ከዚያ 1080፣ ከዚያ 4ኬ። ቁጥሩ ሲያድግ ፊደሉ ካልጠራ፣ የጨመረው ፋይሉ ብቻ ነው።

እዚያው ቆመሽ ሁለት ነገር ጨምሪ። እጅሽን ከካሜራው ፊት ቶሎ ቶሎ አወዛውዢ፤ ጣቶችሽ እንደ ጭራ ከተጎተቱ ካሜራው በዚያ ብርሃን ውስጥ ተቸግሯል ማለት ነው። ሱቁ ጨለም ካለ ግን አትፍረጂበት፤ ወደ በሩ ውሰጂውና ድገሚ። ሁለተኛ፣ አሥር ሰከንድ ድምፅ ቅጂ። ራቅ ብለሽ፣ ሶፋሽ ያለበትን ርቀት ያህል ቆመሽ ነው የምትናገሪው። ካሜራው ጋ ተጠግተሽ ስትናገሪ ሁሉም ማይክ ጥሩ ነው።

ፎከስ ላይም ብዙ ሰው ይሸወዳል። አውቶፎከስ ያለው፣ ፎከሱን ራሱ የሚያስተካክለው ማለት ነው፣ ውድ ስለሆነ የተሻለ ይመስላል። ወረቀት ወደ ካሜራ እያስጠጋ ለሚያሳይ አስተማሪ እውነት ነው። ለሳሎን ግን ፎከሱ ቋሚ የሆነው ይመቻል። የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰርና ሌንስ ትንንሽ ስለሆኑ፣ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ከተስተካከሉ ከክንድ ርቀት ጀምሮ እስከ ግድግዳው ድረስ ያለው ሁሉ በቂ ጥራት ይኖረዋል። አንድ ደንበኛዬ ቤት አውቶፎከስ ያለው ገጥሜ ነበር። ቡናው ተፈላ፣ እጣኑ ተጫጫሰ። አንዷ ከፊት ሄደት መለስ እያለች ስኒ ታድላለች። ካሜራው አንዴ እሷን፣ አንዴ ጭሱን፣ አንዴ ከኋላ ያሉትን ሲፈልግ ዋለ። ወዲያ ማዶ ያለው ልጅ «መነጽሬን ልቀይር?» ብሎ ጠየቀ። ፎከሱን በሶፍትዌር ቆልፌው ነው የተገላገልነው።

ርካሽ ከሆኑት አንዳንዶቹ ደግሞ ሌንሱ ዙሪያ በእጅ የሚዞር ቀለበት አላቸው። ምስሉ ብዥ ካለ «ተበላሽቷል» ከማለትሽ በፊት እሱን ዙሪው። ከዚያም በፊት ሌንሱ ላይ የተለጠፈችውን ስስ ፕላስቲክ ላጪ። አትሳቂ፤ በእሷ ምክንያት ዕቃ ይዘው የሚመለሱ ደንበኞች አሉኝ።

ስም ጥሪልኝ ካልሽ ልጥራልሽ። የሎጂቴክ ሲ270 ዕድሜ ጠገብ ነው፤ 720፣ ቋሚ ፎከስ፣ 55 ዲግሪ፣ የአንድ ሜትር ተኩል ገመድ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ጥሩ ነው። ሲ505 የሚባለውም 720 ነው፤ ግን 60 ዲግሪ ያያል፣ ገመዱ ሁለት ሜትር ነው፣ ማይኩም ራቅ ካለ ሰው ድምፅ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነው። ላንቺ ሳሎን ይሄኛው ይቀርባል። ብሪዮ 100 የሚለው 1080 ነው፣ 58 ዲግሪ፣ ሌንሱን የሚዘጋ ክዳንም አለው። ሲ920 ደግሞ 1080፣ 78 ዲግሪ፣ አውቶፎከስ፤ ኤል ሼፕ ሶፋ ላለው ሰው ልኩ ነው፤ ግን ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል። ያገለገለ ካገኘሽ አትጸየፊው። ካሜራ እንደ ባትሪ አይደክምም፤ ሌንሱ ካልተጫረና ገመዱ ካልተቆረጠ ዓመታት ይሠራል።

ስሙ የማይታወቅ የቻይና ካሜራስ? ከላይ የነገርኩሽን ፈተና ካለፈ ውሰጂው። እኔ የምጠላው ስም የለሹን ሳይሆን ውሸታሙን ነው። 720 ብሎ ጽፎ 720 የሚሰጥ ስም የለሽ ካሜራ፣ 4ኬ ብሎ ከሚዋሸው ይሻላል። አንድ ነገር ግን፤ ከካርቶኑ ውስጥ ትንሽዬ ሲዲ ከወጣች ወይም «ድራይቨር ከዚህ አውርዱ» የሚል ወረቀት ካለ ወደ ጎን አስቀምጪው። ዛሬ የሚሠሩ ዌብካሞች ሁሉም ለማለት ይቻላል አንድ የጋራ የዩኤስቢ ደንብ ስለሚከተሉ ዊንዶውስ ያለ ድራይቨር ያውቃቸዋል። ሰክተሽ ካልሠራ ካሜራው ነው የሚመለሰው። ኮምፒውተርሽ ላይ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ፕሮግራም አይጫንም።

አሁን ደግሞ 720 መች አነሰሽ ያለሽ ሦስተኛው ባለሱቅ ለምን ትክክል እንደነበረ ልንገርሽ። ካሜራሽ የሚያየው ሌላ፣ ሚኒሶታ የሚደርሰው ሌላ ነው። መሃል ላይ አፑ አለ። አፑ ኢንተርኔትሽን እየለካ ምስሉን ይጨምቃል። ዙም ራሱ የሚያወጣው ልክ አለ፤ ሁለት ሰው ሲገናኝ ለደህና ምስል 600 ኪሎቢት በሰከንድ፣ ለ720 1.2 ሜጋቢት፣ ለ1080 ስትልኪ 3.8 ሜጋቢት ይላል። ይሄ ስትልኪ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ፓኬጅ ስንገዛ የምንኮራበት ፍጥነት የማውረጃው ነው፤ የእማዬን ፊት የሚወስደው ግን መላኪያው ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያንሳል። እሁድ ከሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ስልክ ላይ ሲሆን ደግሞ የባሰ ያንሳል። ስለዚህ 1080 ካሜራ ገዝተሽ አብዛኛውን ጊዜ የምትልኪው 720 ወይም ከዚያ በታች ነው። 1080ው ጥቅም የለውም አላልኩም፤ ብዙ ጊዜ አዲስ ሴንሰር ስላለው ብርሃን ሲያንስ የተሻለ ሊሆን ይችላል። በፒክስሉ ምክንያት ብቻ ግን ተጨማሪ ብር አታውጪ።

የዳታውንም ሒሳብ አውቀሽ ግቢ። 600 ኪሎቢት እየላክሽ 600 ኪሎቢት እየተቀበልሽ አንድ ሰዓት ብታወሪ 540 ሜጋባይት ገደማ ይሄዳል። 720 ላይ ከሆነ ከአንድ ጊጋ ያልፋል። ቤት ውስጥ ያልተገደበ መስመር ካለ አያሳስብም። በስልክ ሆትስፖት ከሆነ ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ኤችዲ የሚለውን አጥፊው።

ስለ ጥራት ካነሳን አይቀር አንድ ጨዋታ ላጫውትሽ። የዓለም የመጀመሪያው ዌብካም የተተከለው ቡና ለማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ፣ ተመራማሪዎቹ ቡና ሊቀዱ ሄደው ማንቆርቆሪያውን ባዶ እያገኙት ሲማረሩ ካሜራ ደቀኑበት። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ 128 በ128 ነጥብ ነበር። በ1993 ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ እስከ 2001 ድረስ የዓለም ሰው ያንን ማንቆርቆሪያ ሲያይ ኖረ። ቡና እንዳለ ለማወቅ 128 ነጥብ በቃቸው። ለእናትሽ ፊት ከዚህ በላይ ያስፈልጋል፤ 4ኬ ግን አያስፈልግም።

ብርሃን። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፤ ከካሜራው ዋጋ በላይ የሚያዋጣሽ ይሄ ነው።

እናንተ ቡና የምታፈሉት ወደ አሥር ሰዓት ከሆነ ሚኒሶታ ከጠዋቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው፣ እንደ ወቅቱ። ዱባይ አሥራ አንድ ሰዓት። ለሁሉም ይመቻል። ለካሜራው ግን ክፉ ሰዓት ነው። ሐዋሳ ላይ ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ወደዚያ ዘንበል ብላለች። ወደ ሐይቁ የሚያይ መስኮት ያለው ሳሎን ሁሉ በዚያ ሰዓት በብርሃን ይሞላል። ሶፋው መስኮቱን ከጀርባው ካደረገ ካሜራው መስኮቱን አይቶ «በቃ፣ ብርሃን በዝቷል» ይልና ምስሉን ያጨልመዋል። መስኮቱ ያምራል፣ ሰዎቹ ጥላ ይሆናሉ።

ካሜራ የሰው ፊት አይመርጥም፤ የጠቅላላውን ምስል አማካይ ነው የሚይዘው። ከምስሉ አብዛኛው ነጭ ከሆነ፣ ነጩን ግራጫ ለማድረግ ሲል ጠይሙን ፊት ወደ ጥቁር ይገፋዋል። ለዚህ ነው የእኛ ሰው በዌብካም ላይ ጠቁሮ የሚወጣው። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ነጠላ፣ በዚያ ላይ ጠይም ፊት። እናትሽ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ነጠላቸውን እንደተከናነቡ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ይታዩኛል። ነጠላዎን ያውልቁ አትያቸው እንግዲህ! መጋረጃውን ሳቢው። ከተቻለ ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን አቀያይሪና መስኮቱ ከካሜራው ጀርባ ይሁን፤ ያኔ ያ የሐይቅ ብርሃን በነጻ ፊታቸው ላይ ያርፋል። ካልተቻለ በቴሌቪዥኑ ጎን፣ ከፊታቸው ከፍታ ትንሽ ከፍ አድርገሽ አንድ መብራት አስቀምጪ። አምፖሉ ራሱ እንዳይወጋቸው ወደ ግድግዳው አዙሪው፤ ከግድግዳው ነጥሮ የሚመጣው ብርሃን ለስለስ ይላል። ከዚያ በኋላም ከጠቆሩ የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ብራይትነስ የሚለውን ትንሽ ግፊው።

ማታ ስታወሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳው ብርሃን ሲያገኝ ነው። ሲጨልምበት እያንዳንዱን ምስል ለማንሳት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድና ወደ 15 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ያኔ ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር ይጎተታል። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ «ኔትወርኩ ነው» ይላል። አንዳንዴ ኔትወርኩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው።

ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ከላይ ወደ ታች ሲንከባለሉ ካየሽ ካሜራው አልተበላሸም። የእኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ አምፖሉ በዚህ ምክንያት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ ዓይናችን ግን አያየውም። አንዳንድ ካሜራ በአሜሪካ ልክ፣ በ60 ተስተካክሎ ይመጣል። ሴቲንጉ ውስጥ ፓወር ላይን ፍሪኩዌንሲ ወይም አንቲ ፍሊከር የሚል አለ፤ 50 ኸርዝ ላይ አድርጊው። መስመሩ ወዲያው ይጠፋል። ይህችን ሥራ ሠርቼ ገንዘብ ስቀበል አፍራለሁ።

ድምፅን ለመጨረሻ ያቆየሁት አንሶ አይደለም። ምስል ሲቆራረጥ ሰው ይታገሣል፤ ድምፅ ሲቆራረጥ ስልኩን ይዘጋል። ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ከሰው ድምፅ ይልቅ ቤቱን ነው የሚሰማው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ደግሞ ድምፁ እየነጠረ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ይሆናል። በዚያ ላይ ቴሌቪዥንሽ አለ። የእህትሽ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ይወጣል፣ ማይኩ ይለቅመዋል፣ ተመልሶ ወደ እሷ ይሄዳል። አፑ ይሄን ለማጥፋት ይሞክራል፤ ቴሌቪዥን ግን ድምፁን ትንሽ አዘግይቶ ስለሚያወጣ አንዳንዴ ያደናግረዋል። እህትሽ «የራሴ ድምፅ ይሰማኛል» ካለች ችግሩ ያለው እናንተ ጋ እንጂ እሷ ጋ አይደለም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሺ።

ረጅም ገመድ ያለው ርካሽ ማይክ ግዢና ጠረጴዛው ላይ፣ እናትሽ አጠገብ አስቀምጪው። አፑ ውስጥ ገብተሽ ማይክ የሚለው ላይ ከካሜራው ማይክ ወደዚህኛው ቀይሪ፤ ይሄን የሚረሳው ሰው ብዛቱ! ከሲኒዎቹ ግን አርቂው። ሲኒ ከማይክ አጠገብ ሲቀመጥ ወዲያ ማዶ እንደ መዶሻ ነው የሚሰማው። ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ አድርጊለት።

ዱባይ ያለው ወንድምሽን አልረሳሁትም። ኤምሬትስ ውስጥ የዋትሳፕ ጥሪ ለዓመታት ተዘግቶ ስለኖረ እዚያ ያሉ ልጆች ቦቲም ነው የለመዱት። ሦስት አገር በአንድ ጊዜ ለማገናኘት ዙም ወይም ጎግል ሚት ይሻልሻል። ነጻው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል። 40 ደቂቃ አቦልን ያስጨርሳል፤ ቶና ላይ ትቋረጫላችሁ። ነጻው ሚት ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ ሲሆን 60 ደቂቃ ይሰጣል። ሲቆርጥ እንደገና መግባት ነው። ስካይፕ ጫኑ የሚል የድሮ ምክር ካገኘሽ እለፊው፤ ግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ ብዙ አልልም። ካሜራውን በሲፒዩው ጀርባ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሰኪው፤ የፊተኛው አንዳንዴ ልል ነው። ገመዱ ካልደረሰ ማስረዘሚያ ግዢ፤ ጠቅላላው ከአምስት ሜትር አይለፍ፣ ከዚያ በላይ ካሜራው እየጠፋ እየመጣ ያበሽቅሻል። ስታወሩ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዝጊ። ስትጨርሱ ካሜራውን ንቀይው ወይም ሌንሱ ላይ ወረቀት ለጥፊበት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ቤት ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ግን ካሜራው የሚሠራ አንድሮይድ ስልክ የለም? ካለ ምንም አትግዢ። ድሮይድካም ወይም አይሪየን የሚባሉትን ስልኩም ላይ ኮምፒውተሩም ላይ ጫኚና በዩኤስቢ አገናኚያቸው። ስልኩ ዌብካም ይሆናል። የስልክ የኋላ ካሜራ ብዙ ጊዜ ከርካሽ ዌብካም ይበልጣል። ጉዳቱ መቆሚያ መፈለጉና ቻርጅ ላይ ሲቆይ መሞቁ ነው። ብሩን ያኔ በሙሉ ለማይኩ ታደርጊዋለሽ።

የት እንደምትሰቅዪውም ልናገር። ቴሌቪዥናችሁ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ከሆነ ከላዩ አታድርጊው፤ እህትሽ የምታየው የሰዉን አናት ይሆናል። ከቴሌቪዥኑ በታች፣ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ፣ በመሃል አድርጊው። ከዚያ የእህትሽንና የወንድምሽን መስኮት ስክሪኑ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ካሜራው አስጠጊው። እናትሽ ልጆቻቸውን ሲያዩ ካሜራውን ያዩ ይመስላል። ካሜራውን ይዩ ብለሽ እንዳታስቸግሪያቸው፤ ልጆቻቸው እያሉ ጥቁር ነጥብ ምን ብለው ያዩታል?

የሶፋውን ስፋትና ርቀቱን ለክተሽ ላኪልኝ፤ መስኮቱ በየት በኩል እንዳለም ጻፊ። ባለ 60ውን ወይስ ባለ 78ቱን እንደምትገዢ በአንድ መስመር እመልስልሻለሁ።